ሳይታዘዝ የተነሣው ጣት

የተያዝኩት አራዳ፣ አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ነው። ለተማሪዎቼ ያዘጋጀሁትን የማጠቃለያ ፈተና እያስባዛሁ ሳለ ማሽኑ ወረቀት ነክሶ ቆመ። የቤቱ ባለቤት ክዳኑን ከፍታ የተጨማደደውን ወረቀት ስትጎትት ሁለት ሲቪል የለበሱ ሰዎች ገቡ። አንደኛው ስሜን ጠርቶ እኔ መሆኔን አረጋገጠና ለአንድ ጉዳይ እንደምፈለግ፣ ወዲያው እንደምመለስ ነገረኝ። ሴትዮዋ የተባዛውን ሰብስባ በሁለት እጇ ሰጠችኝ። ቀና ብላ አላየችኝም።

ያኔ በአንድ የጤና ኮሌጅ የሰውን ሰውነት አሠራር አስተምር ነበር። ከዚያ በፊት ስድስት ዓመት በጤና መኮንንነት ገጠር ለገጠር ሠርቻለሁ። ጥፋቴ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ በጽሑፍ የሰጠኝ የለም። እንደምገምተው ግን በአንድ የሠራተኞች ስብሰባ ላይ ተነሥቼ፣ ከሦስት ሳምንት በፊት የተወሰዱት ሁለት ባልደረቦቻችን የት እንዳሉ መጠየቄ ነው። የተናገርኩት ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው።

መኪናው ውስጥ አንደኛው ሰውዬ ፈተናውን ከእጄ ወስዶ ማገላበጥ ጀመረ። አንዱን ጥያቄ ጮክ ብሎ አነበበው፦ «እግሩን እሾህ የወጋው ሰው ሕመሙ ሳይሰማው በፊት እግሩን የሚያነሣው ለምንድን ነው?» ቀና ብሎ አየኝና «ለምንድን ነው?» አለኝ። የሚያሾፍብኝ መስሎኝ ነበር። አልነበረም፤ ማወቅ ፈልጎ ነው። ወሬው ከእግር ተነሥቶ ጀርባችን ውስጥ እስካለው ህብለ ሰረሰር ብቻ ደርሶ «አንሣ» የሚል ትእዛዝ ይዞ እንደሚመለስ፣ አንጎል የሚሰማው ነገሩ ካለቀ በኋላ እንደሆነ ነገርኩት። ጥቂት አሰበበትና ወረቀቱን አጥፎ ከማኅደሬ ጋር አስቀመጠው። በኋላ እንደሰማሁት ፈተናው ከእኔ ጋር የተያዘ ሰነድ ተብሎ ተመዝግቧል።

ያስገቡኝ ቤት ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የመጣብኝ የዳጉሳ ብናኝና የአሮጌ ጆንያ ሽታ ነው፤ የሰው ሽታው ቆይቶ ደረሰ። መስኮት የለውም። የጣራው ቆርቆሮ ምስማር በለቀቀበት በለቀቀበት ብርሃን እንደ ሽንብራ ፍሬ ወለሉ ላይ ተበትኗል። በዚያ ብርሃን አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ቁጭ ብለው አየሁ። ሃያኛው እኔ ነኝ። ምን አደረግህ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ተጠጋግተው አንድ ክንድ ያህል ቦታ ለቀቁልኝ።

በሩ አጠገብ፣ ከሥር አየር በሚገባበት በኩል፣ አንድ ሽማግሌ በጎናቸው ተኝተው ነበር። ከቤቱ የተሻለው ቦታ ያ ስለሆነ ሁሉም ተስማምተው ለእሳቸው ትተውታል። ከአይከል ወዲያ ካለ መንደር የመጡ ገበሬ ናቸው፤ ሰባ ዓመት ይሆናቸዋል። ልጃቸውን ሊይዙ የመጡት ሰዎች ልጁን ሲያጡት አባቱን ይዘው ሄዱ። ልጁ የት እንዳለ እሳቸውም አያውቁም። እስረኛው ሁሉ «አያ» ይላቸው ነበርና እኔም እንደዚያው አልኩ።

አያ ወደዚያ ቤት የገቡት በእግራቸው ነበር። ወር እንዳለፋቸው እግራቸው ይከብዳቸው ጀመር፤ ቆይቶ ይደነዝዝ ጀመር፤ እኔ በደረስኩበት ጊዜ መቆም አይችሉም። ጠዋት ጠዋት ለቆጠራ ስንወጣ አንድ የከባድ መኪና ሹፌርና አንድ ዲያቆን ተሸክመው ያወጧቸዋል። ጠባቂያችን፣ አንድ ቁመተ ረጅም ሰው፣ ሽማግሌው ያስመስላሉ ብሎ ያምን ነበር። ክፉ ሰው ነበር ለማለት አልደፍርም። ከዚያ በፊት አንድ እስረኛ ታመምኩ ብሎ ከሐኪም ቤት አምልጦበት ብዙ ተቀጥቷል ብለው ነግረውኛል። ከዚያ ወዲህ በሽተኛ ሲያይ የሚያየው የሚያመልጥ ሰው ነው።

በገባሁ በሦስተኛው ቀን ለምርመራ ተጠራሁ። መርማሪው ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነበር። አንድ ጥያቄ ይጠይቅና መልሴን ሳይጠብቅ ጣቱን ወደ ዓይኔ ይሰድዳል፤ የጣቱ ጫፍ ሽፋሽፍቴን ነክቶ ይመለሳል። ዓይኔ ይዘጋል። «ምን ያስፈራሃል?» ይለኛል። እንደገና ይጠይቃል፣ እንደገና ጣቱን ይሰድዳል። ላለመዝጋት ጥርሴን ነክሼ ሞከርኩ። ሃያ ጊዜ ያህል አድርጎታል፤ ሃያውንም ጊዜ ዓይኔ ተዘጋ። ከዚያ በቀር ምንም አላደረገኝም። ወደ መጋዘኑ ስመለስ ግን እንደተገረፈ ሰው ነበር የምሄደው።

አያ መቱህ ወይ ብለው ጠየቁኝ። አልመቱኝም አልኳቸው። ፊቴን አይተው ዝም አላሉም፤ ደጋግመው ጠየቁኝ። በመጨረሻ የሆነውን በጆሯቸው ነገርኳቸው። እንደ ፈሪ ዓይኔን ስጨፍን ዋልኩ፣ ይኸው ነው አልኳቸው። 

«አንተ ነህ የጨፈንከው?» አሉኝ።

«እኔ አይደለሁም። ራሱ ነው።»

«ታዲያ ምነው አንተ ታፍራለህ? በሬዬ ዝንብ ዓይኑ ላይ ስታርፍበት ይጨፍናል። ጎበዝ በሬ ነው። ፈሪ ብየው አላውቅም።»

አሥራ አንድ ዓመት ያስተማርኩት ነገር ነው። ሽፋሽፍት ሲነካ ወሬው እስከ አንጎል ግንድ ብቻ ሄዶ ይመለሳል፣ የዓይን ቆብ ይዘጋል፣ ባለቤቱን ፈቃድ የሚጠይቀው የለም። ሰሌዳ ላይ ቀስት እየሣልኩ ስንት ጊዜ አስረድቻለሁ። ያን ቀን ግን ጆንያ ላይ ተጋድሜ ስለ ራሴ ዓይን ሳስብ ዋልኩ። በዚያ ክፍል ውስጥ ለእኔ የቆመ ማንም ሰው አልነበረም። እኔ ራሴ እንኳ ዓይኔን ከፍቼ ጣቱን ለመቀበል ወስኜ ነበር። ከውስጤ አንድ ነገር ግን ሃያ ጊዜ አልፈቅድም አለ። ያላዘዝኩት፣ ያላመሰገንኩት፣ እናቴ ማኅፀን ውስጥ ሳለሁ ሥራ የጀመረ ነገር። ሲመሽ ኀፍረቱ ለቆኝ ነበር፤ በቦታው የቀረው መገረም ነው።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ አንድ ጠዋት፣ ሹፌሩ አያን ከብብታቸው፣ ዲያቆኑ ከጉልበታቸው ይዘው ደጃፉ ላይ ሲያስቀምጧቸው የቀኝ እግራቸው ጣቶች መሬት ነኩና እግሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ተረከዛቸው ወደ ላይ ወደ ታች፣ ወደ ላይ ወደ ታች እያለ የልብስ ስፌት መኪና የሚረግጥ ሰው እግር መሰለ። አያ የሌላ ሰው እግር እንደሚያዩ ሆነው ያዩታል። ጠባቂውም አየ።

«ይኸው» አለ። «የሞተ እግር አይጨፍርም።»

ከዚያ ሹፌሩንና ዲያቆኑን ጠርቶ ከነገ ጀምሮ ሽማግሌውን የሚሸከም ሰው እንዳያይ አስጠነቀቃቸው። በእግራቸው ወጥተው ካልተቆጠሩ ምግብም ውሃም እንደማይሰጣቸው ተናገረ። የተናገረው በቁጣ አልነበረም። እውነቱን እንዳገኘ ሰው እርግጠኛ ሆኖ ነው።

እኔ ደግሞ ቆሜ በረደኝ። ለእሱ ማስረጃ የሆነው ያ መንቀጥቀጥ ለእኔም ማስረጃ ነበር፤ የሚናገረው ግን ሌላ ነው።

በሩ ተዘግቶብን ቁጭ ስንል ወደ አያ ቀርቤ እግራቸውን ልመርምር እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «ሐኪም ነህ እንዴ?» አሉኝ። መምህር ነኝ፣ ድሮ ግን ገጠር ጤና ጣቢያ እሠራ ነበር አልኳቸው። ጆሮዬን ሳቡና ለማንም ያልተናገሩትን ነገሩኝ፦ ከትናንት ጀምሮ ሽንታቸው እምቢ ብሏል። እምብርታቸው ሥር እጄን ሳሳርፍ እንደተወጠረ ከበሮ ነው። ከዚያ ጀርባቸውን ዳሰስኩ። በሁለቱ ትከሻዎች መካከል አንዲት አጥንት ከሰልፉ ወጥታ ጣቴን ገፋችው። የጀርባ ሕመሙ መቼ ጀመረ ስላቸው ካለፈው አጨዳ ወዲህ መሆኑን፣ ማታ ማታ ትኩሳት እየለቀቀባቸው በላብ እንደሚነከሩ፣ ሱሪያቸው እየሰፋቸው እንደሄደ ነገሩኝ።

ገጠር ሳለሁ እንዲህ ያለ ሕመም ሁለት ጊዜ አይቻለሁ። ቲቢ ሳንባን ትቶ አከርካሪ አጥንት ውስጥ ገብቶ ይበላል፤ የተበላው አጥንት ይደረመስና ህብለ ሰረሰሩን ይጫነዋል። አንደኛዋ በሽተኛ ቶሎ ስለደረሰች መድኃኒቷን ጨርሳ ተራመደች። ሁለተኛው ዘገየ። አልተነሣም።

ሹፌሩ ከኋላ ደግፎ አስቀመጣቸው፤ ዲያቆኑ ጭናቸውን ከፍ አድርጎ ያዘልኝ፤ እግራቸው ተንጠለጠለ። ከጉልበታቸው ሎሚ በታች ያለውን ጅማት በእጄ ጠርዝ ቀስ አድርጌ መታሁ። እግራቸው ተወርውሮ ባዶውን ጀሪካን ገለበጠው። 

የሹፌሩን ጉልበት መታሁ፤ ትንሽ ዘለል ብሎ ተመለሰ። የአያን ደገምኩ፤ ጀሪካኑ በነበረበት በኩል አየሩን መታ። ሰዎቹ ተጠግተው ከበቡን። አንድ በስተርጅና የተያዘ ነጋዴ፣ መራመድ የማይችል እግር እንዴት ከሹፌሩ እግር ይልቅ ይበረታል ብሎ ጠየቀኝ። ክፍል ውስጥ በዚያ ዓይን አይቶ የጠየቀኝ ተማሪ ኖሮኝ አያውቅም።

እንዲህ ብዬ አስረዳኋቸው። ጅማቱ ሲመታ ጡንቻው ይለጠጣል። የመለጠጡ ወሬ በነርቭ ወደ ጀርባ ይወጣል፤ ህብለ ሰረሰር ውስጥ ሌላ ነርቭ ይቀበለውና «ሳብ» የሚል ትእዛዝ ይዞ ይመለሳል። ሄዶ መመለሱ የራሳችንን ስም ጠርተን ከምንጨርስበት ጊዜ ያጥራል። ስትራመዱ ተደናቅፋችሁ የማትወድቁት እንዲህ ያሉ መልእክቶች ሳያቋርጡ ስለሚመላለሱ ነው። አንጎል ደግሞ ከላይ ሆኖ ቀስ በሉ፣ አትብዙ እያለ ይገታቸዋል። የአያ አጥንት የተጫነው ከአንጎል የሚወርደውን መንገድ ነው። ተራመድ የሚለው ትእዛዝ አይወርድም፤ ቀስ በል የሚለውም አይወርድም። ከታች ያለው ደርሶ መልስ ግን አልተነካም። የሚገታው አጥቶ ብቻውን ይሠራል።

«እንግዲያው እግሬ አልሞተም» አሉ አያ።

«አልሞተም አያ። መልእክት ነው ያጣው።»

ቀጥዬ የፕላስቲክ ማንኪያ እጀታ ይዤ የሹፌሩን ውስጥ እግር ከተረከዙ ጀምሬ በጠርዙ በኩል ወደ ጣቶቹ ጫርኩት። ጣቶቹ ሁሉ ወደ ታች ታጠፉ። የአያን ስጭር አውራ ጣታቸው ቀስ ብሎ ወደ ላይ ተነሣ፤ ሌሎቹ ጣቶች እንደ ማራገቢያ ተዘረጉ። እሳቸው ዓይናቸው ጣራው ላይ ነበር፤ ምንም አልተሰማቸውም። ነጋዴው የልጅ ልጁ እግር ስትታጠብ እንዲህ እንደሚያደርግ ተናገረ። እውነቱን ነው። የሕፃን አውራ ጣት ይነሣል፤ ልጁ ድኾ፣ ቆሞ፣ ከአንጎል የሚወርደው መንገድ ሲበስል ጣቱም ወደ ታች መታጠፍ ይለምዳል። ከዚያ በኋላ የሚነሣው ያ መንገድ ሲጎዳ ብቻ ነው።

ይህን ስላቸው አያ ቀና እንድናደርጋቸው ጠየቁና እግራቸውን ለማየት ሞከሩ። እንደገና እንዳደርገው ነገሩኝ። አደረግሁ። ጣቱ ተነሣ። አተኩረው አዩት።

«ሰባ ዓመት ረገጥኩት» አሉ። «ሕፃንነቱን አልረሳም። ምን ሸጋ አድርጎ ሠርቶናል።»

መቆም ያቃታቸው፣ ሽንታቸው የታገደ፣ ልጃቸው የት እንዳለ የማያውቁ ሰው ናቸው ይህን የተናገሩት። እኔ በሽታቸውን ስቆጥር እሳቸው አሠራሩን አደነቁ።

ከዚያ ሌሎቹ ሁሉ ካልሲያቸውን አወለቁ። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ማየት ፈለገ። በየተራ እግራቸውን ዘረጉልኝ፤ የተሰነጠቀ ተረከዝ፣ ጥፍሩ የወደቀ ጣት፣ የቆሰለ እግር። የሁሉም ጣት ወደ ታች ታጠፈ። እየኮረኮራቸው ሳቁ። ዲያቆኑ ከእናቱ ሆድ ጀምሮ አብሮት ከኖረ ነገር ጋር ዛሬ መተዋወቁን ተናገረ። ሳቁ ሲበርድ ግን ሁሉም ወደ በሩ አየ። ነገ ጠዋት አያ በእግራቸው መውጣት አይችሉም። ሽንታቸውም እንደታገደ ከቀጠለ ብዙ ጊዜ የላቸውም። የቦታው ኃላፊ በሳምንት አንድ ቀን ራሱ ቆጠራ ላይ ይገኛል፤ ቀኑም ነገ ነበር። ቆጠራ ላይ ከሰልፍ ወጥቶ መናገር ክልክል ነው። ባለፈው ሰሞን የተናገረ ሰው እስከ እኩለ ቀን ፀሐይ ላይ ተንበርክኮ ውሏል። ማንም ተናገር አላለኝም። ማን እንደሚናገር ግን የታወቀ ነበር።

ጠዋት ወጥተን ተሰለፍን። አያ ውስጥ ቀሩ። ኃላፊው ደልደል ያለ፣ ጫማው የተወለወለ፣ ከጠባቂው በዕድሜ የሚበልጥ ሰው ነው። አሥራ ዘጠኝ ቆጠረና ሃያኛውን ጠየቀ። ጠባቂው ሽማግሌው አልነሣም ማለታቸውን፣ እግራቸው ሲንቀሳቀስ በዓይኑ ማየቱን አስረዳ። ያኔ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣሁ። 

እግሩ የተንቀሳቀሰው ሽማግሌው ሳያዝዙት ነው፣ በሽታውም ይኸው ነው አልኩት። ሽንታቸው መታገዱን፣ ዛሬ ካልታከሙ ዕድሜያቸውን ሙሉ እንደማይቆሙ፣ ምናልባትም እንደሚሞቱ ነገርኩት። ኃላፊው ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«በምን አውቃለሁ?» አለ። «ሰው ማስመሰል ይችላል።»

«ይህን አይችልም። ራስዎ ይሞክሩት።»

ተከትሎኝ ገባ። መጀመሪያ ጤነኛ እግር ምን እንደሚያደርግ ላሳይ ብዬ ከእስረኞቹ እንዲመርጥ ጠየቅሁት። ሁለት ሰዎች መረጠ፤ ጫርኩ፤ የሁለቱም ጣቶች ወደ ታች ታጠፉ። አላመነንም። አስተምረሃቸው ይሆናል አለኝ። ከዚያ ባላሰብኩት መንገድ የተጠቀለለ ጆንያ ላይ ተቀመጠና የጫማውን ማሰሪያ መፍታት ጀመረ። ጠባቂው የሚያይበት ጠፋው። ኃላፊው ካልሲውን አውልቆ እግሩን ዘረጋልኝ።

ተንበርክኬ ያዝኩት። ያሰረኝ ሰው እግር እጄ ላይ ነበር። ከውስጥ ያለው እግር ከላይ ያለውን የተወለወለ ጫማ አይመስልም፤ ተረከዙ እንደ ገበሬ የተሰነጠቀ ነው፤ ልጅ ሳለ በባዶ እግሩ ብዙ የሄደ ሰው እንደሆነ ያስታውቃል። ጫርኩት። ጣቶቹ ወደ ታች ታጠፉ፤ ልክ እንደ ሹፌሩ፣ ልክ እንደ ዲያቆኑ። እግሩን ሊነጥቀኝ ሲል ራሱን ገታ። ማንም አልሳቀም።

ማንኪያውን ተቀበለኝና ወደ አያ ዞረ። ፊታቸውን በጋቢያቸው እንድሸፍን አዘዘኝ፤ እኔም ራቅ ብዬ እንድቆም። ከዚያ ወሬ ጀመረ።

«አባቴ፣ ምን ያርሳሉ?»

«ዳጉሳ አርሳለሁ፤ ማሽላም» አሉ አያ ከጋቢው ሥር። ድምፃቸው ቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው እንግዳ እንደሚያነጋግሩ ሰው የረጋ ነበር። ዘንድሮ ከላይኛው ማሳ ላይ ኑግ እንደዘሩ፣ ኑጉ ሲያብብ ንብ ከየት እንደምትመጣ እንደማይታወቅ መናገር ጀመሩ። በዚህ መካከል ኃላፊው ድምፅ ሳያሰማ ማንኪያውን አሳረፈ። አውራ ጣታቸው ቀስ ብሎ ተነሣ። ወሬያቸው አልተቋረጠም፤ ቃላቸው አልተሰናከለም። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ጫረ። ስለ ንቦቹ እየተናገሩ ሳለ ጣቱ ተነሣ። የግራውን ሞከረ፤ ተነሣ። ጀምረዋል ወይ ብለው የጠየቁት ሦስተኛው ካለቀ በኋላ ነው።

ኃላፊው ማንኪያውን እንደያዘ ቁጢጥ ብሎ ቆየ። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብሎ አየኝ። ለብዙ ዓመት በየክፍሉ ልፈጥረው የሞከርኩትን ፊት ያኔ አየሁት። እስረኛውን የሚያይ ኃላፊ አልነበረም፤ አስደናቂ ነገር ያየ ሰው ነበር። ወዲያው ጠፋ። ጫማውን አድርጎ ተነሣና ጠባቂውን መኪና እንዲያስመጣ አዘዘው። ጠባቂው ቢያመልጡስ ሊል ከንፈሩን አላቀቀ፤ ሳይናገረው ወጣ።

ፒክአፑ እስኪመጣ አያ እግራቸው እንዲታጠብ ጠየቁ። የዕለቱ ውሃ ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ኩባያ ነበር። ሹፌሩ የራሱን ባልዲው ውስጥ ገለበጠ፤ ከዚያ ማንም ማንንም ሳያይ ሁሉም ገለበጠ። ዲያቆኑ ጎንበስ ብሎ አጠባቸው፤ በጣቶቻቸው መካከል ሳይቀር። የላስቲክ ጫማቸውን አምጡልኝ አሉ። ጠባቂው ተሸክመው ለሚወስዷቸው ሰው ጫማ ምን ያደርጋል አለ።

«እግሬ ባያውቀው ሰው ያውቀዋል» አሉት። «ከቤቴ በጫማ ነው የወጣሁ።»

ጠባቂው ፊቱን ወደ ግቢው አዙሮ ጫማው እስኪገባ ጠበቀ። የላስቲክ ጫማ የማይታዘዝ እግር ላይ ማጥለቅ ቀላል አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ወሰደ፤ አላቻኮለንም። ያን ቀን አሥራ ዘጠኛችንም ውሃ ሳንጠጣ ዋልን። የተማረረ አልሰማሁም።

እኔ ከዚያ በኋላ አምስት ወር ተኩል ቆየሁ። አንድ ቀን ሂድ ተባልኩ፤ ሄድኩ። ወደ ኮሌጁ የመለሱኝ ከብዙ ምልልስ በኋላ ነው።

ከተፈታሁ ዓመት ሲሞላ በሚኒባስ ወደ አይከል ሄድኩና እየጠየቅሁ መንደራቸው ደረስኩ። አያ አጥሩ ድረስ መጥተው ተቀበሉኝ። በትር ይዘዋል፤ ግራ እግራቸው ትንሽ ይጎትታል፤ ግን የመጡት በእግራቸው ነው። ሆስፒታል እንደደረሱ ሽንታቸውን በቱቦ እንዳወጡላቸው፣ ጀርባቸውን ፎቶ አንሥተው ያልኩትን በሽታ እንዳገኙ፣ መድኃኒቱን ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀር መዋጣቸውን፣ ታመው ሳለ መፈታታቸውን አጫወቱኝ። ስለ ልጃቸው ጠየቅኋቸው። እስከዚያ ቀን ወሬ አልሰሙም።  ከዚያ እሳቸው ጠዋት ሲነሡ መጀመሪያ የሚያደርጉትን አውቅ እንደሆነ ጠየቁኝ። አላውቅም አልኳቸው።

«ጣቶቼን አዝዛቸዋለሁ» አሉ። «ተንቀሳቀሱ እላቸዋለሁ፤ ይንቀሳቀሳሉ። ድሮ አዝዣቸው አላውቅም ነበር።»

ኃላፊውን ያገኘሁት ባለፈው ዓመት ነው። ቁስቋም አስቀድሼ ቁልቁለቱን ስወርድ፣ ቀትር ላይ፣ ጃንጥላ የያዘ ሰው ሽቅብ መጣ። ማን እንደሆነ ሳልለየው ትከሻዬ ወደ ጆሮዬ ወጣ፤ እግሬም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። ከዚያ ነው ያወቅሁት። እሱም ማፈግፈጌን አየ። ጃንጥላውን ዝቅ አደረገ።

«ያ ሽማግሌ እንዴት ሆኑ?» አለኝ።

«ይሄዳሉ።»

«በእግራቸው?»

«በእግራቸው።»

ራሱን ነቀነቀ። ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልጠበቅሁም። መንገዱ ሰፊ ነበር፤ በዳር በኩል ዞሬው ማለፍ እችል ነበር። አልዞርኩም። ከዚያ ያፈገፈግኋትን አንዲት እርምጃ ወደ ፊት መለስኩና ከፊቱ ቆሜ «ደህና ይዋሉ» አልኩት። አለፍኩ።

ሰውነቴ አሁንም ከእኔ ቀድሞ ይሠራል። ያን የመሰለ ሰው ሲመጣ እስክሞት ድረስ ወደ ኋላ ይስበኝ ይሆናል፤ አልቆጣውም፤ ሊጠብቀኝ ነው። የመጀመሪያዋን እርምጃ እሱ ወሰዳት። የሁለተኛዋ ባለቤት እኔ ነኝ።